ከብር ዱላ እስከ ድምፅ መስጫ ፤ የሚዩርፊልድ የጐልፍ ክለብ ታሪክና የውድድር ልማድ

በስኮትላንድ አገር ከኤዲንብራ ከተማ በስተ ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በባሕር ዳር፥ ሚዩርፊልድ የተባለ የጐልፍ ሜዳ ይገኛል። የዚህ ሜዳ ባለቤት የሆነው ማኅበር በ2016 ዓ.ም. በሜይ 19 ቀን የአባሎቹን ድምፅ ሰብስቦ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ጥያቄው አጭር ነበር ፤ ይኸውም ሴቶች የማኅበሩ አባል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚል ነው። 397 አባሎች ይሁኑ አሉ ፤ 219 ደግሞ አይሁኑ አሉ። ነገር ግን የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ላለው ለውጥ ከሦስት እጅ ሁለት እጁን ድምፅ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ የሚበዙት አባሎች የፈለጉት ነገር 14 ድምፅ ጐድሎት ሳይፈጸም ቀረ። ከዚህ በኋላ ዐሥር ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በማርች 14 ቀን 2017፥ ያው ጥያቄ ለዚያው ማኅበር እንደገና ቀረበ። በዚህ ጊዜ ይሁኑ ያሉት 498፥ አይሁኑ ያሉት 123 ብቻ ሆኑ።

በሁለቱ ድምፆች መካከል በነበሩት ወራት የአገሩ ሕግ አልተለወጠም ፤ የማኅበሩም ደንብ ያው ነበር ፤ ስለ ሴቶችም ቀድሞ ያልታወቀ አዲስ ነገር አልተገኘም። ታዲያ የተቃዋሚዎቹን ቍጥር በ96 ያሳነሰው፥ የደጋፊዎቹን ደግሞ በ101 ያበዛው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የክለቡን ታሪክ ከመሠረቱ መመልከት ያስፈልጋል። ነገሩ የጨዋታ ነገር ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር፥ ማኅበርና መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚለወጥ፥ ወይም ለምን እንደማይለወጥ፥ እንደዚህ በቍጥር ተገልጾ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን ልብ እንዲልልን እንለምነዋለን።

ጐልፍ ለብዙው ሰው እንግዳ ጨዋታ ስለ ሆነ አስቀድሞ አንድ ቃል ልናገር። በዱላ ኳስ መምታት ለገና ጨዋታ ወዳጆች አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በጐልፍ አንዱ የሌላውን ኳስ አይነጥቅም ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ትንሽ ኳስ እየመታ በሰፊው ሜዳ ላይ በየርቀቱ ወደ ተቈፈሩት ትንንሽ ጕድጓዶች ያገባል። ጕድጓዶቹን ሁሉ ባነስተኛ ምት የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። ኳስ ከጠፋ፥ ውኃ ውስጥ ከገባ፥ ወይም ከሰው ቢነካ ምን ይደረጋል የሚለው ግን ክርክር የሚያመጣ ጕዳይ በመሆኑ፥ ጨዋታው ከጥንት ጀምሮ ደንብና ዳኛ የሚፈልግ ነበር።

የዚህ ደንብ መጀመሪያ የተጻፈው በዚሁ ማኅበር ነው። የኤዲንብራ ጐልፍ ተጫዋቾች ክቡር ማኅበር እየተባለ የሚጠራው ይህ ክለብ በመጀመሪያ ይጫወት የነበረው ሊዝ በተባለው የወደብ መንደር ሲሆን፥ ሜዳው ዐምስት ጕድጓዶች ብቻ ነበሩት። በ1744 የኤዲንብራ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ለጨዋታው መበርታት አስቦ አንድ የብር ዱላ ሸለመ። የብሩ ዱላ ውድድር በማኅበሩ ሰዎች ብቻ የተወሰነ አልነበረም ፤ ከታላቋ ብሪታንያና ከአየርላንድ ከየትኛውም ክፍል የሚመጣ መኰንን፥ ጨዋ ሰው ወይም ሌላ ጐልፍ ተጫዋች ሊወዳደር ይችላል ተብሎ ነበር። ያሸነፈው ሰው ዱላውን ወስዶ አያስቀረውም ፤ የዓመቱ የጐልፍ ካፒቴን ተብሎ ይሾምና በጨዋታው ላይ ለሚነሣው ክርክር ዳኛ ይሆናል። ከዱላውም ላይ የራሱን የብር ኳስ አስሠርቶ ያንጠለጥላል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን። ክለቡን ክለብ ያደረገው ውድድሩ ነው ፤ ውድድሩን ያቆመው ደግሞ የሕዝብ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ገንዘብ የሰጠው ሽልማት ነው።

ውድድር ያለ ደንብ አይሆንምና፥ ለዚያው ለ1744 ግጥሚያ ዐሥራ ሦስት አንቀጾች ተጻፉ። ኳሱ የሚቀመጠው ከጕድጓዱ ምን ያህል ርቆ እንደ ሆነ፥ ኳስ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ አውጥቶ ለተቃራኒው አንድ ምት መስጠት እንደሚገባ፥ ከጕድጓዱ ይበልጥ የራቀው ሰው አስቀድሞ እንዲመታ የሚያዝዙ ናቸው። ባንድ ገጽ የሚያልቁ ቃላት ሲሆኑ፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የጐልፍ ሕግ ከነሱ የወጣ ነው።

የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ጆን ራትሬይ የተባለ የኤዲንብራ ሐኪም ነበር ፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሮ በ60 ምት ጨረሰ። በ1745ም ደገመው። በዚያው ዓመት ግን ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የተባለው ልዑል የአባቱን ዙፋን አስመልሳለሁ ብሎ በስኮትላንድ ጦር አስነሥቶ ነበርና፥ ራትሬይ የልዑሉ ሐኪም ሆኖ ዘመተ። በ1746 በከሎደን ጦርነት የልዑሉ ጦር ድል ሲሆን ሐኪሙ ተማረከ። በዚያን ጊዜ ያመፀ ሰው ፍርዱ ስቅላት ነው። ራትሬይ የተረፈው በስኮትላንድ ዋናው ዳኛ በደንከን ፎርብስ አማላጅነት መሆኑ ይነገራል ፤ ፎርብስም ራሱ በሊዝ ሜዳ ጐልፍ የሚጫወት ሰው ነበር። ዳኛው ለንጉሡ ወገን፥ ሐኪሙ ለልዑሉ ወገን ነበሩ። ራትሬይ በ1747 ተፈትቶ ወደ ኤዲንብራ ተመለሰና በ1751 የብሩን ዱላ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። የክለብ ጥቅም ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም ፤ በክፉ ቀን የሚያስታውስ የጨዋታ ጓደኛ ማግኘት ነው። ነገር ግን ይኸው ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል። ከዚያ ሜዳ ውጭ የቀረ ሰው የሚቀርበት ጨዋታው ብቻ አይደለም ፤ ትውውቁም፥ አማላጁም ይቀርበታል። ሴቶቹም ከብዙ ዘመን በኋላ በር ሲያንኳኵ የጠየቁት ኳስ መምታትን ብቻ አልነበረም።

የብሩ ዱላ ከተሰጠ ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1764፥ ማኅበርተኞቹ ለማዘጋጃ ቤቱ አመልክተው ውድድሩ ለተቀበሏቸው አባሎች ብቻ እንዲወሰን አስደረጉ። እንግዲህ በሩ ከመጀመሪያው የተዘጋ አልነበረም ፤ በኋላ የተዘጋ ነው። ይህ ልማዳችን ከጥንት የመጣ ነው፥ አይነካም ለሚሉት ሁሉ መልሱ ከራሳቸው መዝገብ ይገኛል።

ሌላውም ልማድ ቢሆን እንዲሁ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። የሊዝ ሜዳ በሕዝብ ብዛት ሲጨናነቅ ማኅበሩ በ1836 ወደ መስልብራ ሄደ። በዚያም ሌሎች ክለቦች ስለ ነበሩ ቦታው ሲጠብበው በ1891 ሚዩርፊልድን አሠርቶ ገባ ፤ ሜዳውን የተለመው ታዋቂው ሽማግሌ ቶም ሞሪስ ነበር። ዛሬ የሚደነቀው ቅርጹ ግን፥ የፊተኞቹ ዘጠኝ ጕድጓዶች ባንድ በኩል ሲዞሩ የኋለኞቹ ዘጠኝ በውስጣቸው በተቃራኒው የሚዞሩበት፥ በ1920ዎቹ ሃሪ ኮልት የተባለው መሐንዲስ ያመጣው ነው። ተጫዋች ነፋሱን ሁልጊዜ ካንድ ወገን አያገኘውምና፥ ዕድል ሳይሆን ችሎታ ይለያል ይባልለታል። ስለዚህ ሜዳው ሦስት ጊዜ ተለወጠ ፤ የጕድጓዱም ቍጥር ከዐምስት ተነሥቶ ዐሥራ ስምንት ደረሰ ፤ ደንቡም ሲሻሻል ኖረ። ሳይለወጥ እንዲኖር የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ውድድር እንምጣ። በብሪታንያ ኦፕን፥ ማለት ክፍት፥ የሚባለው የጐልፍ ውድድር በ1860 በፕሬስትዊክ ክለብ ተጀመረ። በ1872 ፕሬስትዊክ፥ የሴንት አንድሩስ ክለብና የኤዲንብራው ማኅበር ተስማምተው ውድድሩን በየተራ ሊያዘጋጁ ወሰኑ ፤ ለዋንጫውም፥ ክላሬት ጀግ ለሚባለው የብር ማንቆርቆሪያ፥ በጠቅላላው 30 ፓውንድ አዋጡ። ከዚህ በኋላ የማኅበሩ ተራ ሲደርስ ውድድሩ በመስልብራ ይደረግ ነበር። ማኅበሩ ወደ ሚዩርፊልድ ሲሄድ ግን የ1892ን ኦፕን ይዞት ሄደ። መስልብራዎች ከተማችን ተዘረፈች ብለው እጅግ ተቈጡ ፤ በገዛ ሜዳቸውም የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ። ቍጣቸው ግን ውድድሩን አልመለሰላቸውም። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፕን በ36 ሳይሆን በ72 ጕድጓድ ተደረገ ፤ ያሸነፈውም ሃሮልድ ሂልተን የተባለ፥ ለገንዘብ የማይጫወት ሰው ነበር። እነሆ እዚህ ላይ ማኅበሩ ራሱ ምን ዐይነት ልማድ አፍራሽ እንደ ነበረ ይታያል ፤ ቦታውን ለወጠ፥ የጨዋታውን ርዝመት ለወጠ፥ የጐረቤቱን ከተማ ቅሬታም ከቍም ነገር አልቈጠረም።

ከ1892 እስከ 2013 ኦፕን በሚዩርፊልድ 16 ጊዜ ተደርጓል። በ1948 ሄንሪ ኮተን ሲያሸንፍ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ከሕዝቡ ጋር እየተራመደ ተመልክቷል። ጃክ ኒክለስ በ1966 እዚሁ ካሸነፈ በኋላ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ለሠራው ሜዳ ስሙን ከዚህ ወሰደ። በ2013 ፊል ሚክልሰን አሸነፈ።

የማኅበሩ የቤት ውስጥ ልማድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጫጫታ የተለየ ነው። አባሎቹ የሚወዱት አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው፥ በየወገኑ ባንድ ኳስ ተራ በተራ እየመቱ የሚገጥሙትን ጨዋታ ነው። ኳሱ ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ጨዋታው ፈጣን ነው ፤ ጧት አንድ ዙር ይጫወታሉ፥ ኮትና ክራባት አድርገው ረዘም ያለ ምሳ ይበላሉ፥ ከሰዓት በኋላም ሌላ ዙር ይደግማሉ። በእራት ግብዣ ላይ ማን ከማን እንደሚገጥም ይዋዋላሉ ፤ ውርርዱም በመዝገብ ይጻፋል። ይህ ከ18ኛው መቶ ዓመት የመጣ ልማድ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ልማድ ነው ፤ ወዳጅነትን የሚያጸና ስለ ሆነ ባይጠፋ እንወዳለን።

ሴቶችስ በዚህ ሁሉ ዘመን የት ነበሩ? ከሜዳው አልራቁም። በ1810 መጨረሻ የመስልብራ ክለብ ለአዲሱ ዓመት በሚደረገው ውድድር ለምታሸንፈው ሴት አዲስ የዓሣ ቅርጫትና የሐር መሐረብ እንዲሸለም ወስኖ ነበር። ተጫዋቾቹ በጀርባቸው ቅርጫት አዝለው ዓሣ የሚሸጡ የወደቡ ሴቶች ነበሩ። ማኅበራችን ወደዚያው ሜዳ ሲመጣ እንግዲህ ሴቶች ቀድመውት ተወዳድረውበታል። በኋላም በሚዩርፊልድ በራሱ፥ በ1952ና በ1984፥ የብሪታንያና የአየርላንድ ሴቶች ከአሜሪካ ሴቶች ጋር የሚገጥሙበት የከርቲስ ዋንጫ ተደርጓል ፤ በ1952 ብሪታንያዎቹ 5 ለ4 ሲረቱ በዚህ ዋንጫ የመጀመሪያ ድላቸው ነበር። በእንግድነትም ሴቶች ይጫወቱ ነበር። የተከለከለው ሣሩን መርገጥ አይደለም ፤ አባል ሆኖ ድምፅ መስጠት ነው። ልዩነቱ ቀላል የሚመስለው አንባቢ ካለ፥ በራሱ መንደር ዕድር ወጥ እየሠራ ነገር ግን በስብሰባው ቃል እንዳይናገር የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሰማው ያስብ።

ነገሩ የሕዝብ ክርክር የሆነው በ2013 ነው። የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበሩት አሌክስ ሳልመንድ ሴቶችን በማይቀበል ክለብ በሚደረግ ኦፕን ላይ አልገኝም ብለው ቀሩ። በሴፕቴምበር 2014 የሴንት አንድሩስ ክለብ አባሎች ከመቶ 85 በሆነ ድምፅ ሴቶችን ለመቀበል ወሰኑ። ይህ ክለብ በ1754 ሲቋቋም ደንቡን ከሊዝ ተጫዋቾች ቃል በቃል ለማለት በሚቻል አኳኋን የገለበጠ ነው ፤ ዛሬ ኦፕንን የሚያስተዳድረው አር ኤንድ ኤ የተባለው ድርጅትም ከሱ የወጣ ነው። የ2016 ድምፅ በተነገረበት ዕለት ይህ ድርጅት ሴቶችን በማይቀበል ክለብ ኦፕንን እንደማያደርግ አስታወቀ። ደንብ የገለበጠው ልጅ ደንብ የጻፈውን አባት ገሠጸ ማለት ነው።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር በፌዝ ማለፍ ግን አይገባም። ከድምፁ በፊት ከሠላሳ በላይ አባሎች ለጓደኞቻቸው የጻፉት ደብዳቤ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር ፤ ሴቶች ቢገቡ ፈጣኑ የአራት ሰው ጨዋታና የምሳው ልማድ ይበላሻል የሚል ፍራት የተገለጸበት ነበር። ይህኛው ደካማ ነው ፤ ፍጥነት በደንብ እንጂ በፆታ አይጠበቅም። ከዚህ የሚጠነክረው የነጻነት ክርክር ነው። ሰው ከወደደው ጋር ማኅበር ማቆም መብቱ ነው ፤ በ2010 የወጣው የብሪታንያ የእኩልነት ሕግም ባንድ ፆታ የተወሰነ ማኅበርን አይከለክልም። መንግሥት የሰውን የምሳ ጠረጴዛ ልቈጣጠር ቢል ነገሩ ያስፈራል።

ነገር ግን ማንም የምሳውን ጠረጴዛ አልነካም። አር ኤንድ ኤ ክለቡ ይዘጋ አላለም፥ አባሎቹንም አልከሰሰም ፤ ኦፕንን ብቻ ከለከለ። ኦፕን ደግሞ የማኅበሩ የግል ሀብት አይደለም። በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ የሚመጣበት፥ ፖሊስና መንገድ የሚዘጋጅለት፥ በዓለም ቴሌቪዥን የሚታይ የአገር በዓል ነው። አንድ ማኅበር ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊይዝ ፈለገ ፤ በር የመዝጋት መብትንና የሕዝብን ክብር። ሁለቱ እንዳይለያዩ አድርጎ ማንም አልነገረውም ነበርና እስከዚያ ቀን ያለ ዋጋ ሲይዛቸው ኖረ። በሜይ 2016 ዋጋው ተነገረው። መቶ ያህሉን ድምፅ ያዘነበለው ይኸው ዋጋ እንጂ አዲስ የተገኘ የፍትሕ ስብከት አይመስለንም።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ለውጥ ከልብ የመጣ አይደለምና አይረባም ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የኤዲንብራ ማዘጋጃ ቤት ዱላ በሰጠ ጊዜም ቢሆን ተጫዋቾቹን ደንብ ያስጻፋቸው የሽልማቱ ፍላጎት ነው ፤ ደንቡ ግን ሽልማቱን አልፎ ኖረ። ደግሞም የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ደንብ ክፉ ነው ተብሎ የሚነገረው ትክክል አይመስለንም። እርግጥ በ2016 ከመቶ 36ቱ በ64ቱ ላይ እንዲፈርዱ አድርጓል። ነገር ግን በሁለተኛው ጊዜ ከመቶ 80 በላይ ድምፅ ስለ ተገኘ ማንም በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተጫነብን ሊል አልቻለም። ወጣት ባለሥልጣኖች በየመሥሪያ ቤታቸው ደንብ ሲያረቁ ይህን ሊመዝኑት ይገባል ፤ ከፍ ያለ ድምፅ የሚጠይቅ ደንብ ለውጥን ያዘገያል፥ የመጣውን ለውጥ ግን አጽንቶ ይተክላል።

ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ አር ኤንድ ኤ ሚዩርፊልድን ወደ ኦፕን ሜዳዎች ዝርዝር መለሰ። የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አባል እንዲሆኑ የተጠሩት ግን በ2019 ነው ፤ ቍጥራቸውም 12 ነበር። ማኅበሩ ከስድስት መቶ በላይ ድምፅ ሰጪዎች ያሉት ሲሆን አባልነቱም የሚገኘው በነባር አባሎች ጥሪ ነው። በሩ ተከፍቷል ማለት ይቻላል ፤ ሰፊ በር ነው ማለት ግን አይቻልም።

በኦገስት 2022 የሴቶች ኦፕን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዩርፊልድ ተደረገ። ጠቅላላ ሽልማቱ 7.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር ፤ የመስልብራን የዓሣ ቅርጫት ያስታውሷል። ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ቡሃይ የመጨረሻውን ቀን በዐምስት ምት ቀድማ ጀመረች ፤ ነገር ግን በ15ኛው ጕድጓድ ሦስት ምት አባክና ከኮሪያዊቷ ከቹን ኢን ጂ ጋር እኩል ወጣች። ሁለቱ 18ኛውን ጕድጓድ እየደጋገሙ እንዲጫወቱ ተደረገ። ቀኑ እየመሸ ሄደ ፤ በአራተኛው ጊዜ ቡሃይ ከአሸዋው ጕድጓድ ውስጥ ኳሷን መትታ ከባንዲራው አጠገብ አሳረፈችና አሸነፈች። የወንዶቹ ኦፕን ግን ከ2013 ወዲህ ወደ ሚዩርፊልድ አልተመለሰም ፤ ለ2026 ሮያል በርክዴል፥ ለ2027 ሴንት አንድሩስ ተመርጠዋል።